የሰማያዊዋ መኪና ጥቅሻ

ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል አንዲት እናት ከዳቦ ቤት ስትመለስ ከመኪና ጋር ሰላምታ ተለዋወጠች። ከመንገዱ መታጠፊያ ብቅ ያለችው ሰማያዊ መኪና የፊት መብራቷን ብልጭ ድርግም አደረገችላት። እናትየው «ጎረቤታችን አዩኝ» ብላ ዳቦውን በብብቷ ሸጉጣ እጇን አነሣች። መብራቱ እንደገና ብልጭ አለ። እሷም እንደገና እጇን አነሣች። ነገሩ ሲደጋገምባት ግን «ሰውዬው ዛሬ ምን ነካቸው፤ ሰላምታ እንዲህ አያበዙም ነበር» አለችና አተኩራ አየች። ለካ መኪናዋ የምትጠቅሰው እሷን ብቻ አይደለም፤ የግንብ አጥሩንም፣ የቆሻሻ ገንዳውንም፣ ማንም ያልተቀመጠበትን በረንዳም እየጠቀሰች ነው የምትመጣው።

ይህችን እናት የሰፈሩ ሰው «ወይ ጉዴ» ይላታል። ስሙን ያወጡላት በክፋት አይደለም። ልጅ ካስነጠሰ ሳንባው ነው፣ በር ከተንኳኳ መርዶ ነው፣ ድስት ከገነፈለ ቤቱ ሊቃጠል ነው ባይ ናት። ሁለተኛ ደረጃ የጨረሰች፣ ጋዜጣ የምታነብ ሴት ናት፤ ጋዜጣውን ግን የምትጀምረው ከአደጋው ዜና ነው።

መኪናዋ አጠገቧ ስትደርስ ቆመች። የሚነዷት ጋሽ ቀስበቀስ ናቸው። ዕድሜያቸውን የጭነት መኪና ሲነዱ ኖረው ጡረታ ከወጡ በኋላ፣ የሰፈሩን የማታ ተማሪዎች ከኮረብታው ማዶ ወዳለው የሙያ ትምህርት ቤት ያመላልሳሉ። «ምነው ትንሽ ፈጠን ቢሉ?» ያላቸውን ሁሉ «ቀስ በቀስ ይደረሳል» ስለሚሉት ስማቸው ይኸው ሆኖ ቀረ። ከሚያመላልሷቸው ተማሪዎች አንዷ የወይ ጉዴ ልጅ ናት።

«እንደምን አመሹ ጋሼ? ማንን ነው እንዲህ የሚጠቅሱት?»

«እኔማ በዚህ ዕድሜዬ ማንን እጠቅሳለሁ? እሷ ናት እንጂ» አሉ መሪውን መታ መታ እያደረጉ። «ቀለም ከተቀባች ወዲህ ዓመል አወጣች።»

«ልጄን ማታ ማታ የሚያመጡልኝ በዚችው ነው?»

«በሌላ በምን ላምጣት? በጀርባዬ አዝዬ?»

«መብራቱ እንዲህ እየሆነ?»

«ጭልጥ ብሎ ጠፍቶ እኮ አያውቅም። ደከም ይልና ይመለሳል። ሰውስ ዓይኑን ያርገበግብ የለም እንዴ?»

«ሰው ዓይኑን ቢያርገበግብ ገደል አይገባም ጋሼ።»

«አይዞሽ እህቴ፣ አታስቢ። ያንን ጠመዝማዛ መንገድ ዓይኔን ጨፍኜም ብሆን እነዳዋለሁ።»

ይህን ያሉት ሊያጽናኗት ብለው ነው። ሽማግሌው ደግ ሰው ናቸው፤ ነገር ግን ለአንዳንድ ሰው የተሰጠ ማጽናኛ ከማስፈራሪያ ይብሳል። ወይ ጉዴ ከዚያ ቦታ እስከ ቤቷ ስትሄድ ያየችው መንገዱን አልነበረም፤ ዓይናቸውን የጨፈኑ ሽማግሌ፣ ዓይኗን የጨፈነች መኪና፣ ከኋላ ወንበር ላይ ደግሞ ደብተሯን ያቀፈች ልጇን ነበር ያየችው።

ልጅቷ ከበር አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ የሽቦ ጫፍ እየላጠች ነበር። የምትማረው የመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ ነው። እናቷ መጀመሪያውንም «ኤሌክትሪክ ይይዝሽና» እያለች ያስገባቻት ትምህርት ሲሆን፣ የመጨረሻው ፈተና አሁን ተቃርቧል።

«ከዛሬ ጀምሮ ትምህርት ቤት የለም» አለች እናት ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ ጥላ።

«ተዘጋ እንዴ?»

«እኔ ዘጋሁት። የዚያችን መኪና መብራት ዛሬ በዓይኔ በብረቱ አየሁት። አንቺ ግን ስንት ቀን አፍሽን ይዘሽ ስትመጪ ከረምሽ?»

ልጅቷ ሽቦውን አስቀመጠች። «ብነግርሽ እንቅልፍ አይወስድሽም ብዬ ነው እማዬ።»

«ሳትነግሪኝስ መች ወሰደኝ? ያኔ ቢያንስ ምክንያቱን አውቀው ነበር።»

«እሺ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ግን ስሚኝ። ጋሼን ብዙ ጊዜ ለምኛቸዋለሁ፤ ኮፈኑን ከፍተው ያሳዩኝ ብዬ። ‹ትናንት ተወልደሽ ዛሬ የኔን መኪና ልትመረምሪ?› ይሉኛል። ትምህርቱን አሁን ካቋረጥኩ እኮ ፈተናው አለፈኝ፤ የለፋሁበት ሁሉ መና ቀረ።»

«መና ይቅር። አንቺ አትቅሪ እንጂ ሌላው ሁሉ ይቅር።»

«በሌላ መኪና እንዳልሄድ ሌላ የሚሄድ የለም።»

እናት ዳቦውን አንሥታ መሶቡ ውስጥ ከተተችው። ልጇ ይህን ሙያ ምን ያህል እንደምትወደው ታውቃለች። ሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ እንባዋን አውጥታ ነገሩን በእንባ ትዘጋው ነበር፤ የዛሬው ፍርሃቷ ግን ከእንባ ያለፈ ሆነባትና ተቀምጣ አሰበች።

«ነገ ጠዋት ሁለታችንም እንሄዳለን» አለች በመጨረሻ። «እኔ ልለምንልሽ፣ አንቺ ደግሞ ተማርኩት የምትይውን አሳዪን። መኪናዋ ከዳነች ትሄጃለሽ። ካልዳነች ትቀሪያለሽ። ከዚህ ወዲያ ሰባት ሽማግሌ ቢመጣ ቃሌ አይለወጥም።»

በማግስቱ ጋሽ ቀስበቀስን ያገኟቸው ከግቢያቸው ባለው የቆርቆሮ መጠለያ ውስጥ ነው። መኪናዋ ፊቷን ወደ ጨለማው የውስጥ ግድግዳ አዙራ ቆማለች። እሳቸው በለስላሳ ጨርቅ በሩን ይወለውላሉ። ቀለሙ በእውነት የሚያምር ነበር፤ ወይ ጉዴ የራሷን ፊት አየችበትና ፀጉሯን አስተካከለች።

ልመናው ረጅም ነበር። ሽማግሌው መጀመሪያ ሳቁ፣ ቀጥለው ተቆጡ፣ ከዚያ ልጅቷ ልትቀር መሆኑን ሲሰሙ አዘኑ። «በኔ የተነሣ ልጅ ከትምህርት ቀረች ከሚባልስ» ብለው ጨርቁን ትከሻቸው ላይ ጣሉ። «ግን እህቴ፣ እኔ ዝም ብዬ የተቀመጥኩ መሰለሽ? አምፖሉን ለወጥኩ። እንደገና ለወጥኩ። በጡጫ መትቼ ሞከርኩ። የቀረኝ ነገር የለም። ይሄ የሰው ዓይን ነው።»

«እኔም ያልኩት ይኸንኑ ነው» አለች ወይ ጉዴ ቀበል አድርጋ። «እንዲህ አሸብርቃ በየመንገዱ ስትሄድ ዓይን ሳይወጋት ይቀራል?»

ልጅቷ ሳቋ ሊያመልጣት ሲል ዋጥ አደረገችው። በሰው ፊት በታላቅ ላይ መሳቅ ነውር እንደሆነ አሳምራ ታውቃለች፤ ደግሞም የሳቁበት ሰው እውነት ቢነግሩት አይሰማም።

«ጋሼ፣ ዳይናሞውንስ አይተውታል?»

«እሱማ ቀላል ነው። አሁኑኑ ላሳይሽ።» ሞተሩን አስነሡ፣ ኮፈኑን ከፈቱ፣ ከባትሪው ራስ ላይ ገመዱን ሊነቅሉ ፒንሳቸውን ሰደዱ። «ሞተሩ እየሠራ ባትሪውን እነቅልለታለሁ። ሞተሩ ካልጠፋ ዳይናሞው ጤነኛ ነው፤ ከጠፋ በሽተኛ ነው። አለቃዬ ያስተማሩኝ እንዲህ ነው።»

«እባክዎ ጋሼ፣ እጅዎን ይመልሱልኝ።»

«ወይ ጉዴ» አለች እናትየው፣ ወደ በሩ እያፈገፈገች። «ይፈነዳል?»

«አይፈነዳም እማዬ። ጋሼ፣ አለቃዎ ያስተማሩዎት ለዚያ ጊዜ መኪና ልክ ነበር፤ ያኔ ከአምፖልና ከጡሩምባ በቀር የሚቃጠል ነገር አልነበራትም። ባትሪው ግን ኤሌክትሪክ ማጠራቀሚያ ብቻ አይደለም። ዳይናሞው የሚያመነጨው ኃይል ሲበዛ የሚያበርደውም እሱ ነው። ሞተሩ እየሠራ ሲነቅሉት ኃይሉ ባንድ ጊዜ ይዘላል፤ ያገኘውን ያቃጥላል።»

«እኔ ስንት ጊዜ ነቅያለሁ! ምንም ያቃጠለው የለም።»

«በቅርቡም ነቅለው ነበር?»

«መብራቱ መጠቃቀስ ሲጀምር ነቅያለሁ። ምንም አልሆነ። ሬድዮው ብቻ ያን ሰሞን አረጀና ዝም አለ እንጂ።»

ልጅቷ ሬድዮውን አየች። ወይ ጉዴ ሬድዮውን አየች፤ ሽማግሌውም ሬድዮውን አዩ። ከዚያ ፒንሳውን ቀስ አድርገው ኪሳቸው ከተቱት።

«አረጀ ያልኩት…» አሉና ተዉት።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ሰው የልማዱን ጉዳት የማያየው ዓይን ስለሌለው አይደለም፤ ጉዳቱን ሌላ ስም ስለሚሰጠው ነው። የተቃጠለው ሬድዮ «አረጀ» ከተባለ የሚጠይቅ የለም፤ የማይጠየቅ ነገር ደግሞ አይታወቅም፣ አያስተምርም።

ልጅቷ ሞተሩን ካስጠፋች በኋላ «አሁን አንድ ነገር ልጠይቅ» አለች። «መጠቃቀሱ የጀመረው በትክክል መቼ ነው?»

«እንግዲህ… ከረም ብሏል» አሉ ሽማግሌው።

«እኔ አውቃለሁ» አለች ወይ ጉዴ። የፍርሃት ልብ የሚረሳው ነገር የለም። «መኪናዋ ከቀለም ቀቢው ዘንድ የመጣች ዕለት በራችን ላይ ቆማ ሴቶቹ ሁሉ ‹እንዴት ታምራለች› ሲሉ፣ እኔ በልቤ ‹በሉ እንግዲህ› አልኩ። የዚያኑ ዕለት ማታ ነው አንቺ ‹የጋሼ መብራት ዛሬ ደከም ብሏል› ያልሺኝ። ጉድጓድ ስትረግጡ ነው አልሺኝ። ከዚያ በኋላ ስላላነሣሽው የተሻለው መስሎኝ ነበር፤ ከዚያ በፊትም አንድም ቀን አላልሽም። ብትዪ ኖሮ አልረሳም ነበር።»

ልጅቷ እናቷን በአድናቆት አየቻት። «መምህራችን እንዲህ ያለ ሰው ቢያገኝ ይቀጥረዋል። እማዬ፣ ያልሽው ልክ ነው። ጋሼም ያሉት ልክ ነው፤ ነገሩ ከቀለሙ ወዲህ ነው። ዓይን ግን አይደለም። ቀለሙ ራሱ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ።»

«ቀለም?» አሉ ጋሽ ቀስበቀስ። «ቀለም ውጭ፣ መብራት ውስጥ። ምን አገናኛቸው?»

«እሱን ከመናገሬ በፊት ልለካው።»

ከቦርሳዋ የኤሌክትሪክ መለኪያዋን፣ ቴስተሯን፣ አወጣች። ሞተሩን አስነሥታ የቴስተሩን ሁለት ሹል ጫፎች በባትሪው ሁለት ራሶች ላይ አሳረፈች፤ ቁጥሩ ዐሥራ አራት ቮልት ላይ ረግቶ ቆመ። «ይኸው ዳይናሞው። ሳይነቀል ጤነኛነቱ ታወቀ።» ከዚያ የፊት መብራቱን አብርታ አንዱን ሹል ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ ራስ ላይ፣ ሌላውን ቀለም ባልነካው የመኪናዋ ብረት ላይ አደረገች። «እዚህ ላይ ዜሮ ገደማ ማሳየት አለበት።»

ቁጥሩ ግን አንድ ቦታ መቀመጥ አልቻለም፤ ይዘላል፣ ይወርዳል። ልጅቷ ከባትሪው ወደ መኪናዋ አካል የሚሄደውን ጥቁር ገመድ በጣቷ ስትነቀንቀው ግድግዳው ላይ የነበረው ብርሃን ደብዘዝ ፈካ አለ።

«እዩት ጋሼ። ኤሌክትሪክ ከባትሪው ወጥቶ አምፖሉ ጋ ሄዶ የሚቀር ነገር አይደለም። ወደ ባትሪው ካልተመለሰ አይሠራም። ሲሄድ በሽቦ ይሄዳል፤ ሲመለስ በመኪናዋ ብረት አልፎ በዚህ ጥቁር ገመድ ነው የሚገባው።»

«እንደ ልጅ ነዋ» አለች ወይ ጉዴ። «የኔ ጭንቀትስ መመለሷ አይደል? መሄድማ ቀላል ነው።»

«ልክ እንደሱ። ቀለም ቀቢው ገመዱን ፈታ፤ ሥራው ያማረ እንዲሆን ከሥሩም ሳይቀር ቀባ፤ ሲደርቅ ገመዱን በቀለሙ ላይ መልሶ አሰረው። ቀለም ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። አሁን የሚያልፈው በብሎኑ ጥርስ በኩል ባገኘው ጭላንጭል ብቻ ነው፤ መኪናዋ ስትነቀነቅ ጭላንጭሉ ይዘጋል፣ ይከፈታል።»

«ታዲያ መድኃኒቱ ምንድን ነው?»

«ከገመዱ ሥር ያለውን ቀለም መፋቅ።»

ሽማግሌው በመኪናዋና በልጅቷ መካከል ገቡ። «አይሆንም ልጄ። እሷን ከምትፍቂ የኔን ቆዳ ፋቂ።»

«ኮፈን ሥር ነው እኮ ጋሼ፤ ማንም አያየውም።»

«እኔ አውቀዋለሁ። ሙሽራ ሚስት ቤት ገብታ ገና ሳትለምድ ጉንጯ በብርጭቆ ወረቀት ይፋቅ ይባላል?»

«ሙሽራዪቱ ገደል ከምትገባ ጉንጯ ቢፋቅ አይሻልም?» አለች ወይ ጉዴ።

«እህቴ አንቺ ደግሞ ገደሏን ከአፍሽ አውርጂልኝ፤ መንገዱ ላይ ካሉት ገደሎች ያንቺ በለጡ።»

ልጅቷ ግን አልተከራከረችም። «እሺ ጋሼ፣ ሳንፍቅ እንሞክር። ካላመኑኝ አልነካትም። የባትሪ ማስነሻ ገመድዎን ይስጡኝ።» ወፍራሙን ገመድ ተቀብላ አንዱን ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ ራስ ላይ፣ ሌላውን ጫፍ በዚያው ባዶ ብረት ላይ አስነከሰችው። ግድግዳው ላይ ያለው ብርሃን ፍክት ብሎ ቆመ። «አሁን መኪናዋን ይነቅንቋት።»

ነቀነቋት። ብርሃኑ አልደበዘዘም። በሙሉ ክብደታቸው የመኪናዋ መከላከያ ብረት ላይ ዘለሉ፤ ወይ ጉዴ «ወገብዎን ጋሼ» አለች፤ ብርሃኑ ግን እንደፈካ ቀረ። ልጅቷ ገመዱን አነሣችው፤ መኪናዋ ጥቅሻዋን ጀመረች። መለሰችው፤ ተወች። ከዚያ ገመዱን ለራሳቸው ሰጠቻቸው። ሽማግሌው አስነከሱ፣ አነሡ፣ አስነከሱ። ብዙ ቆዩበት። ፊታቸው ላይ መጀመሪያ ቅሬታ ነበር፤ ቀስ በቀስ የልጅ ፈገግታ ወጣበት።

«አምፖሎቹን ሁሉ በከንቱ ከሰስኳቸው» አሉ።

«ሰፈርተኛውንም» አለች ወይ ጉዴ። እሷም ያማቻቸውን ሴቶች እያሰበች ትንሽ አፈረች።

«አምጪ ብርጭቆ ወረቀቱን። ሌላ ሰው አይነካትም፤ እኔው ራሴ እፍቃታለሁ።»

ልጅቷ ሞተሩን አጥፍታ፣ የባትሪውን ኔጋቲቭ ገመድ ፈትታ ሰጠቻቸው። ሽማግሌው ተንበርክከው ብረቱ ነጭ እስኪሆን ፋቁት። የገመዱን ጫፍና ብሎኑንም አጸዱ፤ አጥብቀው አሰሩ፤ ልጅቷ ዝገት እንዳይበላው ከላይ ግሪስ ቀባችው። መኪናዋ ስትነሣ ግድግዳው ላይ ሁለት የረጉ ክቦች ተቀመጡ።

ጋሽ ቀስበቀስ እጃቸውን እየጠረጉ አሉ፦ «አለቃዬ ጎበዝ ነበሩ። ግን እንዴት ታወቀ ብለን ብንጠይቃቸው በመፍቻ ነበር የሚመልሱልን። አንቺ ግን እስካይ ድረስ እመን አላልሺኝም። ይኼን ነው የወደድኩት።»

«እርስዎም የሬድዮውን ነገር ባይነግሩኝ ኖሮ አላሳምንዎትም ነበር ጋሼ። ሌላ ሰው ይደብቀው ነበር።»

ማታ ወይ ጉዴ «ለዛሬ ብቻ» ብላ ከሽማግሌው አጠገብ ተቀመጠች። ልጅቷና ጓደኞቿ ከኋላ ሆነው ይንሾካሾካሉ። ጀንበር ገብታ መንገዱ ወደ ኮረብታው መጠምዘዝ ሲጀምር እናትየው የወንበሩን ጠርዝ በሁለት እጇ ጨበጠች። መኪናዋ ጉድጓድ ረገጠች፤ ብርሃኑ መንገዱ ላይ እንደተነጠፈ ነበር። ሌላ ጉድጓድ ረገጠች፤ ድንጋዩም ሣሩም የመንገዱም ጠርዝ ይታይ ነበር። ከሦስተኛው መታጠፊያ በኋላ አንድ እጇን ለቀቀች። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ልጅቷ ስትወርድ እናትየው በመስኮቱ አንገቷን አውጥታ «ፈተናው መቼ ነው ያልሽው?» አለቻት።

«ልሂድ ማለት ነው?»

«መቼ ነው አልኩሽ እንጂ ሌላ ምን አልኩ? በጊዜ ተኝተሽ እንድትነሺ ነው።»

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ጥቅም ብዙ ነው። ነገር ሲበላሽ ከመምታትና ከመለወጥ በፊት መቼ እንደጀመረ ማስታወስ፣ ከዚያም መለካት፣ የሰውን ድካምና ዕቃ ያድናል። ጎረቤት በጎረቤቱ ዓይን ከማሳበብ ይድናል። የድሮ ሙያ ክብሩ ሳይነካ አዲሱን ይቀበላል፤ ወጣቱም ሽማግሌውን ሳያዋርድ ያስተምራል። ፍርሃትም ቢሆን ከማልቀስ አልፎ መጠየቅ ከጀመረ ለቤቱ ዘበኛ ይሆናል። ጋሽ ቀስበቀስ አሁን ተማሪዎቹን ሳይጭኑ በፊት ኮፈኑን ከፍተው ገመዱን በጣታቸው ይነቀንቁታል፤ መብራቱንም ግድግዳ ላይ አብርተው ያዩታል። አንድ ሌላ ሾፌር ባትሪ ሊነቅል ሲል ደርሰው እጁን የያዙትም እሳቸው ናቸው፤ «ሬድዮህን ትወደዋለህ?» ብለው።

ያን ዕለት ማታ ግን ሲመለሱ፣ ወይ ጉዴ ልጇን አስቀድማ ካስገባች በኋላ ወደ መኪናዋ መስኮት ተመለሰች።

«ጋሼ፣ መብራቱስ መብራት ነው፤ እግዜር ይስጥልኝ። ግን ቁልቁለቱ ላይ ስንወርድ ከጎማው በኩል ሲጥ ያለው ነገር ምንድን ነው?»

ሽማግሌው ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱ፤ ከዚያ ከደኑት። መሪውን ለቀው ወደ እሷ ዞሩ።

«ፍሬኑን ስንረግጠው ነው ወይስ ሳንረግጠው የሚጮኸው?»

ወይ ጉዴ አሰበች። «ሲረግጡት ነው። በስተቀኝ በኩል። ቁልቁለቱ ላይ ብቻ።»

«እንግዲያው ነገ ጠዋት ነይ» አሉ ጋሽ ቀስበቀስ። «ልጅሽ ታጥና፤ ጎማውን እኛ እንፈታዋለን።»